ዓይን ያላየውን እጅ አይሥለውም

ከአማርኛችን ውስጥ «ዓይን» የሚለውን ቃል አውጥተን ብንጥለው ንግግራችን ምን ያህል በደኸየ ነበር! የሚያፍረውን ዓይን አፋር፣ የማያፍረውን ዓይን አውጣ፣ ጥፋቱ ከፊቱ ተቀምጦ እያለ የሚክደውን ዓይነ ደረቅ እንላለን። የምንወደውን ልጅ «ዓይኔ» ብለን እንጠራዋለን፤ የተቀየምነውን «ዓይንህን ላፈር» ብለን እናባርረዋለን። ከሰው አካል ሁሉ እንደ ዓይን አዘውትረን የምናነሣው፣ እንደ ዓይንም የምናውቀው የሚመስለን ነገር ያለ አይመስለኝም።

ይሁንና፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ እስቲ አንድ ሙከራ አድርጉ። ይህን መጽሔት እንደያዛችሁ እርሳስ አንሡና በገጹ ኅዳግ ላይ አንድ የሰው ዓይን ሣሉ። ምን እንደምትሥሉ እዚህ ተቀምጬ ልነግራችሁ እችላለሁ። በሁለት በኩል የሾለ፣ ቅጠል ወይም ዓሣ የመሰለ ቅርጽ፤ በመካከሉ አንድ ሙሉ ክብ፤ በክቡ ውስጥ ጥቁር ነጥብ፤ ከላይና ከታችም እንደ መንሽ ጥርስ የተደረደረ ሽፋሽፍት። የሕፃኑም፣ የሽማግሌውም፣ የእናታችሁም፣ የማታውቁት መንገደኛም ዓይን በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። ለምን እንዲህ ይሆናል? በዛሬው ጽሑፌ የማወጋችሁ ይህንኑ ነው።

ይህን የምጽፈው ከዝቋላ ነው። ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘውን የአቦን ተራራ ነው። የእኛው ዝቋላ ግን በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርደው ሙቀት የበዛበት አገር ነው። ሥራዬ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሕይወት ሳይንስ ማስተማር ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሥዕል የሚወዱትን ልጆች እሰበስባለሁ። ዕቃችን ብዙ አይደለም። ከሱቅ የሚገዛ አንድ እርሳስ፣ መቅረጫ ሲጠፋ ምላጭ፣ ላጲስ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈበት የቆየ የፈተና ወረቀት፤ ይኸው ነው።

ስለ እርሳስ ካነሣን ዘንድ፣ ስሙ ራሱ አንድ የቆየ ስሕተት ተሸክሞ እንደሚኖር ልብ በሉ። እርሳስ ማለት ጥይት የሚሠራበት ከባድ ማዕድን ነው፤ በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ግን ያ ማዕድን ቅንጣት ታህል የለም። ያለው ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር አቡክቶ በእሳት መተኮስን አመጣ፤ አፈሩ ሲበዛ እርሳሱ ይጠጥራል፣ ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም። በእርሳሱ ጀርባ ላይ የሚታተመው «ኤች» ጠጣርነትን፣ «ቢ» ጥቁረትን ያመለክታል። ከሱቅ የምንገዛው «ኤች ቢ» መካከለኛው ነው። የሥዕል መምሪያ መጻሕፍት ስድስት ዓይነት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት እርሳስ ግዙ ይላሉ። ለሚችል መልካም ነው። ለማይችል ግን አንዱ «ኤች ቢ» ዓይን ለመሣል ይበቃል፤ ቀለል አድርጎ ይዞ ደጋግሞ በመደረብ ከጭስ ግራጫ እስከ ጥቁር ድረስ ያወጣልና። ችግሩ ከእርሳሱ አይደለም፤ ከአስተያየታችን ነው።

ሰው ሲሥል አብዛኛውን ጊዜ የሚሥለው ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ልጅ ሳለን አንድ ሰው ዓይንን በቅጠል ቅርጽ ሥሎ ያሳየናል፤ ያን ምልክት እንይዝና ዕድሜ ልካችንን እንደ ፊደል እንጽፈዋለን። «ሀ»ን ለመጻፍ ማንንም ማየት እንደማያስፈልገን ሁሉ ዓይንንም ለመሣል ማንንም አናይም።

በዚህ ላይ አንድ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነበር። «መምህር፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ያለውስ ዓይን እንዲሁ ትልቅና አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ? እነዚያ ሠዓሊዎች አልቻሉም ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄው በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ነው።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ዓይንን አስፍተው የሣሉት ስላልቻሉ አይደለም፤ በዓይን የሚናገሩት ነገር ስለ ነበራቸው ነው። እንደ ልማዱ ጻድቁና ሰማዕቱ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሐዲ፣ አሠቃዩም ወታደር በጎን በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ግድግዳውን አይቶ ክፉና ደጉን በዓይን ቁጥር ይለያል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባችሁ ሰዎች ከጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የሆኑት ባለ ክንፍ ፊቶች እንዴት እንደሚመለከቷችሁ ታውቃላችሁ። በየትኛውም ማዕዘን ብትቆሙ ከዓይናቸው አታመልጡም፤ የተሣሉትም ለዚሁ ነው። ደግሞም ደብተራዎች ለበሽተኛ በሚያዘጋጁት የብራና ክታብ ላይ ከጸሎቱ ጋር የሚሣለው ዓይን፣ ርኩስ መንፈስን አፍጥጦ እንዲያባርር ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ዓይን የሚያየው የሥዕሉ ዓይን ነው፤ እኛ የምንታይ ነን።

ሌላው መንገድ፣ ማለት ሠዓሊው ተቀምጦ የአንዱን ሰው ዓይን እንዳለ አይቶ በወረቀት የሚያሰፍርበት መንገድ፣ በአገራችን በትምህርት ቤት የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ወደ ፓሪስ ተልኮ በዚያ ሥልት ተማረ። ከእርሱ በኋላ፣ ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የሣለው አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምሮ ተመለሰ፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ይጠራል። እንግዲህ አለ ሁለቱንም መንገድ የሄደ ሰው ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። ለተማሪዬም የመለስሁለት ይህንኑ ነው። የቅዱሱን ዓይን ስትሥል ማዕርጉን ሣል፤ የጎረቤትህን ዓይን ስትሥል ግን ጎረቤትህን እይ።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን በእኛ አገር አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱም ዓይን ለመሣል የሰውን ዓይን አፍጥጦ ማየት ያስፈልጋል። በደንብ ያደገ ልጅ ደግሞ በታላቁ ፊት ዓይኑን ይሰብራል እንጂ አያፈጥም። አፍጥጦ ያየ ልጅ «ዓይን አውጣ» ይባላል፤ ሕፃን ልጅን ትኩር ብሎ ያየ ጎልማሳማ በቡዳ ይጠረጠራል። ተማሪዎቼን «የአባታችሁን ዓይን ሣሉ» ባልኋቸው ጊዜ ዝምታ የሆነው ስለ ሰነፉ አይደለም። አንዱ ብድግ ብሎ «መምህር፣ የአባቴ ዓይን ምን ዓይነት እንደ ሆነ አላውቅም፤ አይቼው አላውቅም» ሲል ሌሎቹ ሳቁ እንጂ «እኛስ እናውቀዋለን» ያለ አልነበረም።

ስለዚህ በሁለት ደረጃ ነው የምንሄደው። መጀመሪያ እያንዳንዱ የራሱን ዓይን በመስታወት ይሥላል። መዳፍ የምታህል መስታወት ትበቃለች፤ ራስን አፍጥጦ ማየት ነውር አይደለም። እጅ ከለመደ በኋላ ወደ ታላላቆች ይኬዳል፤ ያኔ ፈቃድ ይጠየቃል። «አባባ፣ ለትምህርት ነው፤ ዓይንዎን ልሥል ይፍቀዱልኝ» ሲባል እምቢ ያለ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመንም። እንዲያውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሩ አጠገብ ወጥተው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ አሣሣሉ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ጠፍጣፋ ነገር አለመሆኑን ዕወቁ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ትልቅ ብይ የሚያህል ድቡልቡል ነው። የምናየው በቆቦቹ መካከል የተጋለጠውን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ቆቦቹም በዚያ ድቡልቡል ላይ ተለብጠው አብረውት ይጎብጣሉ። ስለዚህ ተማሪዎቼን ዓይን ከማሣሌ በፊት እንቁላል አሥላቸዋለሁ። እንቁላሉን በሩ አጠገብ አስቀምጣችሁ ብርሃኑ ከወደቀበት በኩል ወደ ጥላው ቀስ እያለ እንዴት እንደሚጨልም በእርሳስ ተከተሉት። እንቁላል የሚሥል እጅ የዓይን ቆብ ለመሣል ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ቀጥሎ ቦታውን ለዩ። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ግንባር ይሰቅለዋል። እርሳሳችሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙና ከአናት እስከ አገጭ ለኩ፤ ዓይን የሚገኘው ከመካከሉ ላይ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ሌላ ዓይን የሚያስገባ ስፋት አለ፤ ፊት በሙሉ ከግራ ጆሮ እስከ ቀኝ ጆሮ ሲለካ አምስት ዓይን ያህል ይሆናል። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሰው ከሰው ይለያያልና ለክታችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ የቅጠሉን ቅርጽ እርሱት። የዓይን ሁለቱ ጫፎች አይመሳሰሉም። ወደ አፍንጫ ያለው ጫፍ ረዘም ብሎ ወደ ታች ያዘነብላል፤ በውስጡም ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር አለበት። የላይኛው ቆብ ከፍ የሚልበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍንጫ ቀረብ ያለው ነው፤ የታችኛው ዝቅ የሚልበት ደግሞ ወደ ጆሮ ግንድ ቀረብ ያለው ነው። ይህን ብቻ ያስተካከለ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ሲለወጥ ያየዋል።

አራተኛ፣ ክቡን ሙሉ አታድርጉት። በዓይን መካከል ያለው ቡናማ ክብ በአዋቂ ሁሉ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ሕፃናት ዓይነ ትልቅ የሚመስሉን ይህ ክብ ገና በሁለት ዓመታቸው የአዋቂውን መጠን ሊደርስ ስለሚቃረብ፣ ፊታቸው ግን ገና ትንሽ ስለ ሆነ ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የላይኛው ቆብ የክቡን አናት ይሸፍነዋል፤ የታችኛው ቆብ ደግሞ የክቡን ግርጌ ይነካል። ክቡን ዙሪያውን ሙሉ አድርጋችሁ ብትሥሉት የሣላችሁት ሰው ጅብ ያየ ይመስላል።

አምስተኛ፣ ቆብ ውፍረት አለው። በተለይ የታችኛውን ቆብ ጠርዝ ተመልከቱ፤ እንደ ቀጭን መደርደሪያ ሆኖ እርጥበት ያበራበታል። ይህችን ቀጭን ብርሃን ሳይነኩ መተው ዓይኑን ሕያው ያደርገዋል። ነጩም ዓይን ነጭ አይደለም። የላይኛው ቆብና ሽፋሽፍቱ ጥላ ስለሚጥሉበት ከላይ ይጨልማል፤ ድቡልቡል ስለ ሆነም ወደ ጫፎቹ ይጠቁራል። በወረቀት ላይ ፍጹም ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የብርሃኑ ነጸብራቅ ነው።

ስለዚህ ነጸብራቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው የጀርመኑ ሠዓሊ አልብሬሽት ዱረር የሰው ዓይን ሲሥል በዓይኑ ውስጥ የክፍሉን መስኮት ከነክፋዩ ይሥል ነበር። ዓይን እርጥብ መስታወት ነውና በፊቱ ያለውን ብርሃን ቅርጹን ሳይለውጥ ያሳያል። በእኛ አገር የገጠር ቤት ብርሃን የሚገባው በበር ነው። እንግዲህ በቤታቸው ደጃፍ ፊት ለፊት የተቀመጡ እናት ዓይን ውስጥ ብትመለከቱ የምታዩት ክብ ነጥብ አይደለም፤ ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ በር ናት። ተማሪዎቼ ይህን ባዩ ዕለት ሁሉም እየተሯሯጡ እርስ በርሳቸው ዓይን ውስጥ በር ሲፈልጉ ዋሉ።

የሥዕል መምሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጁት ፈካ ያለ ቆዳና ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ዓይን ላለው ሰው ነው። በእነዚያ ፊቶች ላይ ቆዳው ብሩህ፣ ብሌኑ ጥቁር፣ በመካከል ያለው ክብ ግራጫ ስለሚሆን ሦስቱን መለየት ቀላል ነው። የእኛ ዓይን ግን ጥልቅ ቡናማ በመሆኑ ብሌኑና ዙሪያው በጥላ ውስጥ አንድ ጥቁር ይመስላሉ። ጀማሪው አንድ ላይ ያጠቁራቸውና ዓይኑ የተበሳ ጉድጓድ ይሆናል። መድኃኒቱ ይህ ነው። ነጸብራቁ ካለበት በተቃራኒው በኩል ያለውን የቡናማውን ክብ ክፍል ተመልከቱ፤ ብርሃን በውስጡ አልፎ ስለሚበተን እዚያ ጋ ፈካ ይላል። ያን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቦታ ፈካ አድርጋችሁ ተዉት። ቆዳውንም ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ አትተዉት፤ መጀመሪያ ፊቱን በሙሉ በስሱ አልብሱት፣ ከዚያ በቆቡ ጉብታ ላይ ያለውን ወዝ በላጲስ ጫፍ አንሡ። የጠይም ፊት ውበት ያለው በዚሁ ወዝ ላይ ነው።

መጨረሻው ሽፋሽፍት ነው። የሚበቅለው ከቆቡ የፊተኛ ጠርዝ ነው፤ ከላይኛው ቆብ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከዚያ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይቀለበሳል። እርሳሱን ከሥር ጫን አድርጋችሁ ወደ ጫፉ እየለቀቃችሁ በአንድ ጊዜ ጭረት ሣሉት። አንዱ ከአንዱ እኩል አይሁን፤ አንዳንዱ ይሻገራል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሆኖ ይጣበቃል። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ወዴት እንደሚያመለክት አይታችሁ ሣሉ። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ በቤታቸው ያለ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት አሮጊት ዓይን ሥለው እንዲመጡ አዘዝሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የአያቷን ዓይን ሥላ መጣች። ሽፋሽፍቱ ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ እንደ ታጨደ ማሳ ቃርሚያ አጥሮ ቀርቷል፤ ሦስት አራቱ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ በዓይኑ ላይ ተኝቷል። ጓደኞቿ ሥዕሉን አይተው «ገለበጥሽው» እያሉ ሳቁባት። ልጅቱ ግን ሳትበሳጭ «እኔ ያየሁትን ነው የሣልሁት፤ አያቴ ላይ እንዲህ ነው ያለው» አለች። እውነቷን ነበር። ልጅቱ የሣለችው በመጽሐፋችን ውስጥ በስም ብቻ የተጻፈውን፣ በመንደራችን ግን በየቤቱ የተቀመጠውን የትራኮማ በሽታ የከፋ ደረጃ ነው።

ትራኮማ የሚመጣው ከአንዲት በዓይን ከማትታይ ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ በዝንብ፣ የብዙ ልጆችን ፊት በሚጠርገው በአንዱ ነጠላ ጫፍ ከልጅ ወደ ልጅ ትተላለፋለች። አንድ ጊዜ ብትይዝ ብዙ አትጎዳም፤ ከልጅነት ጀምራ ስትመላለስ ግን የቆቡን የውስጥ ገጽ ታጠባስሰዋለች። ጠባሳው እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ዓይንን ይፍቃል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ነቅቶ በሚውልበት ቀን ሲቆጠር ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። በእያንዳንዱ ርግብታ ጠጉሩ የዓይኑን ጥቁር ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ይወጣበትና ብርሃን ይጠፋል። ይህ መከራ ሕፃናትን ከሚያቅፉት፣ ፊታቸውንም ከሚጠርጉት ከእናቶችና ከአያቶች ላይ ይብሳል።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል፣ በኢትዮጵያ በጠቅላላው ከመቶው 40፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶው 63 ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ እየታደለ በብዙ ወረዳ በሽታው ቀንሷል። ዋግ ኽምራ ግን በሽታው አልላቅቅ ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ በየጥናቱ ሲጠቀስ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከሕዝብ ጤና ችግርነት ወጣ የሚለው የታመሙት ሕፃናት ከመቶ ከ5 በታች ሲሆኑ ነው። ሥራው አራት ነገር ይጠይቃል፤ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፣ መድኃኒቱን መውሰድ፣ ፊትን መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳትና መጸዳጃ ቤት መሥራት። ውኃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ሦስተኛው ቀላል ምክር አይደለም፤ ቢሆንም የሕፃን ፊት ለማጠብ ጥቂት እፍኝ ውኃ ይበቃል።

የተማሪዬ አያት ለብዙ ዓመታት የሚታገሉት በወረንጦ ነበር። ጠጉሩ ሲወጋቸው ልጅቱን ጠርተው ያስነቅላሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይበቅላል፤ አዲሱ ቁጥቋጦ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ይዋጋል። ልጅቱ ወረንጦውን ይዛ ስትነቅል ዓመታት ኖራለች፤ ዓይኑን ያየችው ግን እርሳስ የያዘች ቀን ነው። ሥዕሉን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳየናት፤ እርሷም አንድ ጊዜ አይታ ወደ ጤና ጣቢያ መራቻቸው። ቀዶ ጥገናው በሠለጠነ ነርስ፣ ቆቡን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ፣ በተቀመጠለት ቀን ተሠራ፤ በዕለቱም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በግራ ዓይናቸው ላይ የወጣው ነጭ ጠባሳ አልለቀቀም፤ ያ ያለፈ ነገር ነው። ቀኙ ግን ተረፈ። «ዕድሜ ያመጣው ነው ብዬ ስንቱን ዓመት እሾህ በዓይኔ ይዤ ኖርሁ» ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ይህን የነገርኋችሁ ሥዕል ከሐኪም ይበልጣል ለማለት አይደለም። ልጅቱ አያቷን አክብራ፣ ለማስደሰትም ብላ፣ የሚያምር ሽፋሽፍት ሥላ ብትመጣ ኖሮ ሁላችንም እናጨበጭብላት ነበር፤ አያቷም ከነእሾሃቸው ይቀሩ ነበር። ሥዕሉን ጠቃሚ ያደረገው ማማሩ ሳይሆን ልጅቱ ያልታየውን አለመጨመሯ፣ የታየውንም አለመደበቋ ነው። በትምህርት ቤት የማስተምረው ሳይንስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጆቻችን ብዙ ነገር ሸምድደው ይመጣሉ፤ የዓይንን ክፍሎች በስም ይዘረዝራሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የእናታቸውን ዓይን ግን አላዩም። ማየትም እንደ ማንበብ የሚለመድ ነገር ነው።

እንግዲህ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ወላጆችም፣ አንድ ምክር አለኝ። በቤታችሁ ያሉትን አንድ ትልቅ ሰው ፈቃድ ጠይቁና በቀን ብርሃን በደጃፍ አስቀምጡ፤ አንድ ልጅ እርሳስ ይዞ ዓይናቸውን ይሣል። ሲጨርስ ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ሽፋሽፍቱ ወዴት ያመለክታል? ወደ ውስጥ የገባ አንድ እንኳ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ወረንጦ ያስታግሣል እንጂ አያድንም። ሁለተኛ፣ ብሌኑ ምን ቀለም ነው? ጥቁር መሆን ሲገባው እንደ ጉም ግራጫ ወይም እንደ ወተት ነጣ ብሎ ከታየው የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ጥናት መሠረት በአገራችን ከዓይነ ስውሮች ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው፤ እርሱም ተገፎ በሰው ሠራሽ ሌንስ ሊተካ የሚችል ነው። ልጁ ያየውን ከጻፈና ከሣለ የቀረው የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሥዕሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ባያምር አትዘኑ፤ አሥረኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሃያኛውን ስታዩት ዓይን እንደ ቅጠል መስሎ ይታያችሁ እንደ ነበር ራሱ ይገርማችኋል። የሣላችሁትን በወረቀቱ ግርጌ ቀኑንና የሰውየውን ዕድሜ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ ሰው መልሳችሁ ሣሉና አስተያዩ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ከዓይን ቀጥሎ ጀማሪን ስለሚያስቸግረው ስለ እጅ አሣሣል እንነጋገራለን። እስከዚያው እንቁላላችሁን ሥላችሁ ቆዩኝ።